«ቂም የለኝም፤ ክስ ግን አለኝ»፦ የተበደለ ክርስቲያን አነጋገር በቆቦና በራያ ቆላ

በሥነ ጽሑፍ ክፍል መጽሔት ላይ ስለ ማመልከቻ መጻፍ ብዙም የተለመደ አይደለም። የራያ ቃላዊ ሀብት ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱን ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ሙሾውና በነሐሴ ልጃገረዶች የሚጫወቱት ሶለል ናቸው። እኔም ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን መቅረጸ ድምፅ አስይዤ ወደ ቆቦ ስልክ የኖርኩት ለነዚሁ ነው። አባቴ ሲሞት ከሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት እሽግ ግን ሐሳቤን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። በእሽጉ ውስጥ ከ1979 እስከ 1996 ዓ.ም. የተጻፉ ሃያ ሦስት ማመልከቻዎች ነበሩ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ በሆርማት ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ ጎርፍ እየተጠለፈ የሚገባባት አንዲት የማሽላ ማሳ።

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው፣ በራያ ቆላ የተበደለ ክርስቲያን ፍትሕ ሲጠይቅ የሚጠቀምበት አነጋገር፣ ፍትሕ መፈለግንና እምነት መጠበቅን እንደ ሁለት ባላንጣዎች የማያይ መሆኑን ነው። ይህም ከሁሉ በላይ «ቂም» እና «ክስ» በሚሉት ሁለት ቃላት አለያየት ላይ ይታያል። ቃላቱ በየቀኑ በአፋችን ያሉ ናቸው። ነገር ግን አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ እንደሚቻል ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቴ ነውና አንባቢ የቤቴን ነገር በማንሣቴ ይቅር ይለኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዓለም የኮረምን መጠለያ በቴሌቪዥን አየ። ኮረም ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ ዋጃንና አላማጣን አልፈው ዳገቱን ሲወጡ የምትገኝ ናት። የኛ ቤተሰብ ግን ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ደቡብ ሄደ፤ መርሳ አካባቢ የእናቴ ዘመዶች ነበሩ። ከዓመት በላይ ቆይተን ስንመለስ ማሳችን «ባለቤቱ ጠፍቷል» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ደረስን። ያ ሌላ ሰው ባዳ አልነበረም። የታላቅ ወንድሜ የክርስትና አባት፣ የአባቴ አበልጅ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። ወር በገባ በ12 የሚካኤልን ጽዋ አብረው ይጠጣሉ።

ማኅበር ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ይበቃል፦ ጽዋው ሲነሣ የተጣላ ሰው አይጠጣም። ሙሴው የተኳረፉትን አስቀድሞ ጠርቶ ያነጋግራል፤ እምቢ ያለ ይወጣል። እንግዲህ አባቴ ክሱን ባስገባበት ወር በ12 ማኅበሩ የሚቀመጠው በአበልጁ ቤት ሆነ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት ማለት ነው፤ ወይ ከማኅበሩ መውጣት፣ ወይ ክሱን መተው። በዋዜማው የንስሐ አባታችን ወደ ቤታችን መጡ። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ከበሩ ሥር ቆሜአለሁ። መምሬ ብዙ ከመከሩት በኋላ «ልጄ፣ እንግዲህ ይቅር በለውና ነገ ጽዋውን ጠጣ» አሉት። አባቴ ተነሥቶ እጅ ነሣና «አባ፣ ቂም የለኝም፤ ክስ ግን አለኝ» አለ።

መምሬ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ይህን ደግሞ ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው?» ሲሉት «እርስዎ ካነበቡልን ከናቡቴ» ብሎ መለሰላቸው። በማግሥቱ ከአበልጁ ቤት ሄዶ ጽዋውን ጠጣ፤ ዳቦውንም ቆርሶ በላ። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ማለዳ ተነሥቶ ማመልከቻውን ይዞ ወጣ። ይህ ነገር በየወሩ እየተደጋገመ አሥራ ሰባት ዓመት ቆየ።

አሁን ወደ ቃላቱ ልመለስ። ቂም በአማርኛ የሚያዝ፣ የሚቋጠር፣ በሆድ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ «ቂም ያዘ»፣ «ቂም ቋጠረ» እንላለን። ቦታው ውስጥ ነው፤ ድምፅም የለውም። ክስ ግን የሚቀርብ፣ የሚሰማ፣ የሚከራከሩበት ነው፤ ያለ ሰሚ አይኖርም። ቂም ሰሚ አይፈልግም፤ ቀን ብቻ ይጠብቃል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ክስ የሚያቀርብ ሰው ከራሱ በላይ የሆነ አንድ ሦስተኛ ወገን መኖሩን ያምናል፤ ቂመኛ ግን ራሱ ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ፍርድ አስፈጻሚም ነው። ስለዚህ በቃላቱ ባሕርይ ስናየው ክስ የእምነት ጎረቤት ነው፤ ቂም ግን በስተመጨረሻው ሰሚ የለም ከሚል ተስፋ መቁረጥ ይወለዳል።

ይህን ይበልጥ የሚያጠናክረው «አቤቱታ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛው የዳዊት መዝሙር ውስጥ ጸሎተኛው አምላኩን «አቤቱ» እያለ ይጠራል። በዳኛ ፊት የሚቆመውም ባለጉዳይ «አቤት!» ብሎ ይጮኻል፤ የያዘው ወረቀትም አቤቱታ ይባላል። ጸሎቱና ማመልከቻው በአንድ ጥሪ የሚጀምሩ ናቸው። «በሕግ አምላክ» የሚለው የማስቆሚያ ቃል ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። በአገራችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። በዚህ ቃል ሕግ ብቻውን አልተጠራም፤ አምላክም ብቻውን አልተጠራም። ሁለቱ በአገናዛቢ ተያይዘዋል፤ ሕጉ ባለቤት አለው ማለት ነው። ዱላ ያነሣውን ሰው የሚያስቆመው ዳኛው በቦታው ኖሮ አይደለም፤ የሕጉ ባለቤት በሁሉ ቦታ አለ ተብሎ ስለሚታመን ነው። የቀድሞው የአደባባይ ሙግት፣ «በላ ልበልሃ»ው ጭምር፣ የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ በቁራኛ ሲሄዱ የሚታየው ልማድ ሁሉ፣ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነበር። ሁለት ጠላቶች በአንድ ኩታ ታስረው ያለ ጠባቂ ወደ ዳኛ የሚሄዱበት አገር የሕግን አምላክ በቃል ብቻ የሚጠራ አገር አልነበረም።

«ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለውስ? ብዙዎቻችን ይህን አነጋገር የሽንፈት ምልክት አድርገን እንተረጉመዋለን። እኔም በወጣትነቴ በጻፍኩት አንድ የኮርስ ወረቀት ላይ «የገባሩ መደብ የተስፋ መቁረጥ ቋንቋ» ብዬዋለሁ፤ ጊዜው እንዲህ የሚያስብል ነበር። አሁን ግን አነጋገሩን ከሚነገርበት ዐውድ ጋር ሳየው ይግባኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። በራያ ይህ ቃል የሚነገረው ብቻን ተቁሞ አይደለም። በሰው ፊት፣ በተለይም በዳዩ ወይም የበዳዩ ዘመድ በሚሰማበት ቦታ ነው። ተናጋሪው ጉዳዩን ዘጋሁት ማለቱ አይደለም፤ ወደማይደለል ችሎት መራሁት ማለቱ ነው። የሰማው ሰውም እንዲሁ ይረዳዋል። ስለዚህ ይፈራዋል፤ ሽማግሌ የሚልከውም ብዙ ጊዜ ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በዚህ ጉዳይ አንድ ወጥ ቃል ብቻ የምታስተምር አይደለችም፤ መጻሕፍቷ ሰፊ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል እጀ ጠባብህን ሊወስድ ለሚከስህ መጎናጸፊያህንም ተውለት የሚል ትምህርት አለ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት ማቆሙን ይነቅፋል። ይሁን እንጂ ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በድብቅ ውጣ ሲባል እምቢ ብሎ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል፤ በቂሳርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ጌታም በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ የተመታበትን ምክንያት ጠይቋል። መልሶ አልመታም፤ ነገር ግን በዝምታም አላለፈውም። በሉቃስ ወንጌል ያለችው መበለት ደግሞ እግዚአብሔርን ከማይፈራ ዳኛ ዘንድ እየተመላለሰች ጨቀጨቀችው፤ እሷም የጸሎት ምሳሌ ሆና ቀረበች። ይህን ልብ ለሚል ሰው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ጸሎት ምን እንደሚመስል ለማስረዳት የተመረጠችው በፍርድ ቤት ደጅ የምትመላለስ ባለጉዳይ ናት።

ዲድስቅልያ የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍም በምእመናን መካከል ለሚነሣ ክርክር ችሎት የሚቀመጥበትን ቀን ሰኞ ያደርገዋል። ምክንያቱ ባለጉዳዮቹ እስከሚቀጥለው ሰንበት ድረስ ነገራቸው ተጣርቶ በሰላም ለቁርባን እንዲቀርቡ ጊዜ ለመስጠት ነው። እንግዲህ ሙግትና ቁርባን በአንድ ሳምንት ውስጥ የየራሳቸው ቀን አላቸው። ፍትሐ ነገሥትም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ከተዘጋጀው የኢብን አል አሳል ሥራ ወደ ግእዝ ሲመለስ መንፈሳዊና ሥጋዊ የሚባሉ ሁለት ክፍሎችን ይዞ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው የተጠረዘው። አባቴ ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው አልነበረም። ዳዊት ይደግማል፤ የሚያነበውም እሱኑ ብቻ ነበር። ሰኞን የመረጠውም ሰኞ የገበያ ቀን ስላልሆነ ነው ብላ እናቴ ነግራኛለች።

ናቡቴን ግን ያውቃል። የናቡቴ ታሪክ በራያ ገበሬ ጆሮ ሲሰማ እኛ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ከምናነበው የተለየ ነው። ንጉሥ አክዓብ ለወይን ቦታው የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን ልስጥህ ሲለው ናቡቴ እምቢ ያለው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። ርስት የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ለመሬትም ለመንግሥተ ሰማያትም ያገለግላል። «ርስተ መንግሥተ ሰማያትን ያውርሰን» እያለ የሚመረቅ ገበሬ፣ ርስትን መተው የትሕትና ሥራ ነው ቢሉት ግራ ይገባዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን እንደ ሕጋዊ ይዞታ ቢያስቀረውም ቃሉን ከምርቃቱ ውስጥ ሊያወጣው አልቻለም። አባቴ በማመልከቻዎቹ ላይ «ይዞታዬ» ብሎ ያስጽፋል፤ በቤት ውስጥ ግን «ርስቴ» ይላል።

የማመልከቻዎቹን አጻጻፍ በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ብዙ የሚያገኘው ነገር አለና። አባቴ ራሱ አልጻፋቸውም። በፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው የጻፉለት። የደርግ ዘመኖቹ በመፈክር ያርጋሉ፤ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ከፊርማው በላይ ይታያል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተጻፉት በዚያ ፈንታ «ከሠላምታ ጋር» ይላሉ። አርእስቱም ይለወጣል፤ ከሳሽ የነበረው አመልካች ይሆናል፤ ተከሳሽ የነበረው ተጠሪ። ከመካከል ያለው አንቀጽ ግን አይለወጥም። በሃያ ሦስቱም ውስጥ፣ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ «ተጠሪው አበልጄና የማኅበር ወንድሜ ሲሆን በመካከላችን ሌላ ጠብ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ለክሱ ምንም አይጠቅምም። እንዲያውም ነገረ ፈጅ ቢያየው ያስወጣው ነበር፤ ዳኛው ነገሩን ቀላል አድርጎ እንዲያይ ያደርጋልና። አንደኛው ጸሐፊ ሊያስወጣው ብሎ አባቴ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንደ ሄደ አስታውሳለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር የቂም የለኝም ማስረጃው ነበር፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከነቴምብሩ እንዲቀመጥ ይፈልግ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዳዊት ለየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም 108ኛው መዝሙር የሐሙስ ድርሻ ውስጥ ይገባል። መዝሙሩ በጠላት ላይ የከፋ እርግማን የያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። በሰፈራችን የተበደለ ሰው እሱን ደገመበት ከተባለ የተደገመበት ሰው እንቅልፍ ያጣል። እናቴ እንደ ነገረችኝ አባቴ ክሱ በቆየበት ዘመን ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ያን መዝሙር እየዘለለ ይደግም ነበር። አበልጁ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቄአት «በምን ያውቃል? እሱ ያወቀ ጊዜማ ምኑን ተወው!» አለችኝ።

ይህን የአባቴን አነጋገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለመረዳት በዙሪያው የሚሰማውን ሌላ ድምፅ ማሰብ ያስፈልጋል። በራያ የተበደለ ሰው ወደ ጠመንጃው እንዲሄድ የሚጠራው ቃላዊ ሀብት እጅግ የበለጸገ ነው። ሙሾው ደም ያልመለሰውን ወንድም በተዘዋዋሪ ይወጋል፤ ፉከራው የመለሰውን ያነግሣል። በሠርግ ላይ እንኳ የተነካ ቤተሰብ ልጅ ቀና ብሎ ሊዘፍን አይችልም። እኔና ታላቅ ወንድሜም ከዚህ አላመለጥንም። ከብት ስንጠብቅ ጓደኞቻችን አባታችንን «ወረቀት ተሸካሚ» እያሉ ይጠሩት ነበር። የታሪክ መዛግብትም አቤቱታ ሰሚ ሲያጣ ምን እንደሚከተል ያሳያሉ። በ1935 ዓ.ም. በደቡብና በምሥራቅ ትግራይ፣ ራያን ጨምሮ የተነሣው የወያኔ ዓመፅ ከመነሻዎቹ አንዱ የሹማምንት በደል ነበር፤ ያበቃውም በእንግሊዝ አውሮፕላን ድብደባ ነው። በልብ ወለዱም ዓለም ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ያሳዩን የአበጀ በለው ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ሲሉ ፊታውራሪ መሸሻ የመለሱላቸው በጦር ነው። ሐዲስ ከዓመታት በኋላ ላሳተሙት ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) የሚል ስም መስጠታቸው ነገሩ ምን ያህል ያሳስባቸው እንደነበር ያመለክታል። በኔ አስተያየት የአማርኛ ልብ ወለድ ዓመፀኛውን ገበሬና ታጋሹን ገበሬ በሚገባ አሳይቶናል። ጽዋውን ጠጥቶ ሰኞ ወደ ችሎት የሚሄደውን ሦስተኛውን ገበሬ ግን ገና በቅጡ አልጻፈውም።

ክሱ ወዴት ደረሰ? በመጀመሪያ የቀረበው በአዋጁ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ለነበራቸው የፍርድ ሸንጎ ነው። ማሳውን የሰጡትና ቅሬታውን የሚሰሙት ሰዎች ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ስለነበሩ ውጤቱ ለማንም ግልጽ ነው። ከዚያ በይግባኝ የሁለት ቀን መንገድ ተሄደ። አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው ሲመራው፣ ሌላው ሥልጣኔ አይደለም ብሎ ሲመልሰው፣ መንግሥት ተለወጠ። በአዲሱ መንግሥትም መዝገቡ ጠፋ ተብሎ እንደገና ተከፈተ። የዚህን ዝርዝር ማንሣት አያስፈልግም፤ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።

በመካከሉ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ። ስሙ በግእዝ ጆሮ ሲሰማ «የወልድ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ እንኳ የሚያልቀው በዚህ ነው። በኛ ጉዳይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩ፤ ሁለቱም ወገን በተራው ሳይቋረጥ ተናገረ። አበልጁ በዚያ ቀን ማሳው የማን እንደነበር አልካደም። «ሰጡኝ፤ እኔም ልጆች ነበሩኝ» አለ። ይህን በፍርድ ቤት አንድ ቀን ብሎት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ የአንድ ዓመት የማሽላ ምርት ለአባቴ እንዲሰጥ፣ ማሳው ግን ባለበት እንዲቆይ ወሰኑ። አባቴ ተነሥቶ ምርቱንና ዕርቁን መቀበሉን፣ የሰው ልብ መመለሱን ማየቱን፣ ማሳውን ግን አለመስጠቱን ተናገረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ታዲያ ምኑን ታረቅህ?» ብለው ተቆጡ። ሌላው፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም አዛውንት፣ «ተውት፤ ሰውየውን ታርቋል፤ የቀረው ከመንግሥት ጋር ነው» አሉ። እኔ ይህን አባባል ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ስለ ዕርቅ የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ የምፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ዕርቅ በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ፍትሕ ግን ሰጪ ያለው ነገር ነው፤ የከለከለውም ሰጪው እንጂ ጎረቤቱ ብቻ አይደለም።

አባቴን ጻድቅ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ እናቴም አትፈቅድልኝም። እሷ እስከ መጨረሻው «ቂሙን ካፖርት አልብሶ ይዞት ይዞራል» ትል ነበር። የቴምብሩ ሳንቲም ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ የወጣ ነው። በቀጠሮ ቀን ጎርፍ መጥቶ የሚጠልፈው ሰው በመጥፋቱ ሌላው ማሳችን ሳይጠጣ የቀረበት ዓመት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን የተወው አባቴ በሌለበት ማረሻውን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ነው። ክስ ከቂም የተለየ ነው ስል፣ ክስ ከቂም ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም ማለቴ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ሰው ስም ፊት «ተጠሪ» የሚል ቃል ሲያስጽፍ የኖረ ልብ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የሐሙሱ ዳዊት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የቤተሰብ ነገር አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የትግራይ ኃይሎች ያልታጠቁ ነዋሪዎችን ሆን ብለው መግደላቸውን የዓይን ምስክሮችን ጠቅሶ አስረድቷል። በዚያ ጦርነት የተበደለው የአንድ ወገን ሕዝብ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጋራ መርምረው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሁሉም ተዋጊ ወገኖች ጥሰት መፈጸማቸውን ገልጸዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲው ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ምሕረትንና ካሣን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ይሰጣል።

ከስምምነቱ በኋላ ወደ ቆቦ በሄድኩ ጊዜ በአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ያዳመጥኩት አነጋገር ከአባቴ ሣጥን የወጣ መሰለኝ። አንዲት እናት «ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ አጠገባቸው ያለውን ልጅ «ስሙን ጻፍ፤ የአባቱንም ስም ጻፍ፤ ቀኑንም እንዳትረሳ» አሉት። ከከተማ የመጣ አንድ እንግዳ ይህን ሰምቶ በጆሮዬ «ይቅር ብለዋል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልሰማውም ነበር። እኛ የቋንቋ ሰዎች በዚህ ላይ ድርሻ አለን ብዬ የምለው ለዚህ ነው። ይቅርታ፣ ምሕረት፣ ዕርቅና ካሣ በአማርኛ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፤ ማንም ሊሰጥለት አይችልም። ምሕረት ሥልጣን ያለው የሚያደርገው ነው፤ «ንጉሥ ማረው» ይባላል እንጂ ተበዳይ ማረው አይባልም። ዕርቅ ሁለቱም የሚገኙበት ነው። ካሣ ደግሞ የጎደለው የሚሞላበት ነው። አንድ ሰነድ ላይ ወይም በአንድ መድረክ ላይ እነዚህ ቃላት እርስ በርስ እየተተካኩ ሲነገሩ፣ የቆቦዋ እናት ቂም የለኝም ማለታቸው ክስ የለኝም እንዳሉ ተቆጥሮ ሊጻፍባቸው ይችላል። በዚያ ላይ ክርስትናቸውን ማስረጃ አድርጎ «ክርስቲያን ይቅር ይላል እኮ» የሚላቸው አይጠፋም። ይህን የሚላቸው ሰው ከመጽሐፉ ግማሹን ብቻ ያነበበ ነው።

ተማሪዎቼ በሚቀጥለው ክረምት ወደ ቆላው ሲወርዱ ከፉከራው በተጨማሪ በፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ሥር እንዲቀመጡ ጠይቄአቸዋለሁ። የማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ቁጥር ቀንሷል፤ አንዳንዶቹ ኮምፒዩተር ይዘዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ዛሬም ታሪኩን የሚጀምረው ከሩቅ፣ ከዝምድናው ነው።

አባቴ ማሳውን ሳያገኝ በ1998 ዓ.ም. ሞተ። አበልጁ በቀብሩ ላይ አልጋውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። የመጨረሻው ማመልከቻ ቅጅ፣ ሃያ ሦስተኛው፣ ከሌሎቹ የሚለየው በጀርባው ነው። በእርሳስ፣ በእናቴ አነጋገር በወንድሜ እጅ የተጻፈ ዝርዝር አለበት፦ ጌሾ፣ ብቅል፣ የዳቦ ስንዴ፣ ዘይት፣ ጧፍ፣ ከአበልጅ የምንዋሰው ጋን ሁለት። የዚያ ወር ሚካኤል ተራው የኛ ነበር።